የጭፈራ ድካም በምን ይለካል?

ከፈተና በኋላ በሚደረግ የጭፈራ ምሽት ላይ ሁለት ተማሪዎች ተከራከሩ እንበል። አንደኛው «ዳንስ ጊዜ ማባከን ነው» ሲል፥ ሁለተኛው «የለም፥ ስፖርት ነው» ይላል። ክርክሩ የቆየ ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱም አንድ ምስክር ሊጠሩ ይችላሉ። ምስክሩም በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው፥ በደረት ላይ የሚጠመጠመው ወይም በወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሽ መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም ምስክር ከመታመኑ በፊት ሊመረመር ይገባልና፥ ይህ መሣሪያ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ መስፈሪያው እንናገር። ጤፍ በቁና፥ መንገድ በኪሎ ሜትር እንደሚለካ ሁሉ፥ የሰውነት ሥራ «ሜት» በሚባል መስፈሪያ ይለካል። አንድ ሜት ማለት ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠ ጊዜ የሚያወጣው ኃይል ነው፤ ይኸውም ለአንድ ኪሎ ክብደት በየደቂቃው 3.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ነው ተብሎ ተወስኗል። ከ3 እስከ 6 ሜት ያለው ሥራ መካከለኛ፥ ከዚያ በላይ ያለው ብርቱ ይባላል። ሊቃውንት ባዘጋጁት ዝርዝር ውስጥ፥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚደነሰው የአዳራሽ ዳንስ ዝግተኛው 3፥ ፈጣኑ 5.5 ሜት ተሰጥቶታል። አንድ ሜት በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ወደ አንድ ኪሎ ካሎሪ ስለሚጠጋ፥ 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ፈጣኑን ዳንስ አንድ ሰዓት ሳያርፍ ቢደንስ 330 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል ማለት ነው።

እውነተኛው ልክ የሚገኘው አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ጭንብል ሰውነት የተጠቀመበትን ኦክስጅን በመቁጠር ነው። ነገር ግን ጭንብል አጥልቆ ዳንስ የሚጠይቅ ሰው ማን እሺ ይለዋል? ስለዚህ ቀላል መሣሪያ አስፈለገ። ኖርማን ሆልተር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በራዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሲሠራ፥ ዕቃው በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ያህል ሸክም ነበር። ዛሬ የልብን ትርታ የሚቆጥረው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው።

አሁን ያሉት መለኪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው አክስሌሮሜትር የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ የሰውነትን ንቅናቄ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ይመዘግባል። ጉድለቱ ግን የታሰረበትን ቦታ ብቻ ማወቁ ነው። በወገብ ላይ ያለው መለኪያ ዝላይንና እርምጃን በሚገባ ይቆጥራል። እስክስታ በሚወርድበት ጊዜ ግን እግር በአንድ ስፍራ ቆሞ ትከሻ፥ ደረትና አንገት ሲሠሩ፥ የወገቡ መለኪያ ጨፋሪው የቆመ ያህል አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ላቡ በግንባሩ ላይ እየወረደ መሣሪያው «አርፏል» ይለዋል።

ሁለተኛው የልብን ትርታ የሚቆጥረው ነው። የ20 ዓመት ወጣት ከፍተኛ የልብ ትርታ፥ 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ግምት መሠረት፥ በደቂቃ 200 ይሆናል። ከዚህም ውስጥ 77 በመቶው፥ ማለት 154 ሲደርስ፥ ሥራው ብርቱ ነው ይባላል። ነገር ግን ልብ የሚመታው ለድካም ብቻ አይደለም። ሙቀት፥ ቡና፥ ፍርሃት፥ ከዚያም በላይ የዳንሱ ጓደኛ ማንነት ትርታውን ከፍ ያደርጉታል። ደግሞም በእጅ አንጓ ላይ ያለው ሰዓት ትርታውን የሚያነበው በቆዳ ላይ ብርሃን እያበራ ስለ ሆነ፥ እጅ በኃይል ሲወዛወዝ ይሳሳታል። አንዳንድ ጊዜም ልብን ትቶ የእጁን ምት፥ ማለት ዘፈኑን ራሱን፥ ይቆጥራል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያርመው ሁለቱን አብሮ መያዝ ይሻላል። ልብን በደረት መቀነት፥ እስክስታን በሁለቱ ትከሻዎች መካከል በተለጠፈ አክስሌሮሜትር መለካት ከወገቡ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። እንደዚሁም የተጨፈረበትንና የታረፈበትን ደቂቃ ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሦስት ሰዓት ግብዣ የሦስት ሰዓት ጭፈራ አይደለምና።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ብሏል። አንዲት እናት በልጃቸው ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ ቢያመሹና ስልካቸው በቦርሳቸው ውስጥ ቢቀር፥ በማግሥቱ የሚታየው ቁጥር «አልተንቀሳቀሱም» የሚል ነው። ያን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚመክር ሐኪም ሩጫ ያዝላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሩጫ አይወዱም፤ የሚወዱትን ጭፈራ ደግሞ የቆጠረላቸው የለም።

ስለዚህ ለተከራካሪዎቹ የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ብርታት ያለው ጭፈራ በእርግጥ የሰውነት ሥራ ነው፤ ግን ጥግ ይዞ ጣት እያንኳኩ ማምሸት ስፖርት ተብሎ አይጠራም። መሣሪያው «ዜሮ» ባለ ጊዜም፥ ጨፋሪውን ሰነፍ ከማለት በፊት መለኪያው በየት ታስሮ እንደ ነበረ መጠየቅ የተማረ ሰው ፈንታ ነው።