ያረጀ የጋሪ ፈረስ ብርታትና የመኖ ንግድ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኢተያ የስንዴ አገር መሆኗ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ ወዲህ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በአርሲ ደጋ ተስፋፍቷል። ስንዴው ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ፉርሽካው ይተርፋል፤ ይኸውም ለጋሪ ፈረስ ቀለብ ይሸጣል።

ባለጋሪው የሚተዳደረው በፈረሱ ጉልበት ነው። የነጋዴውም ጆንያ ከገበያ ወደ መጋዘን በዚሁ ፈረስ የሚጓጓዝ ከሆነ፣ ፈረሱ በእርጅና ሲደክም ጉዳቱ የሁለቱም ነው። በዚህ ጊዜ ባለጋሪው ጉልበት የሚመልስ ተጨማሪ መኖ ፍለጋ ወደ ሱቅ ይመጣል።

ይሁን እንጂ የድካም ምክንያት ሁልጊዜ የቀለብ ማነስ አይደለም። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድድ እየወጣ በማኘክ ይሞረዳል፤ በእርጅና ጊዜም ይሾላል፣ ይላላል፣ ያልቃልም። እንዲህ ያለው ፈረስ ገለባውን አላምጦ ስለማይውጥ የተሰጠው ቀለብ ቢበዛም ሰውነቱን አይጠግነውም። የሆድ ትልም እንዲሁ ያከሳል። ስለዚህ ቪታሚን ከመገዛቱ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ጥርሱንና ሆዱን ሊመረምር ይገባል።

ፉርሽካ በውኃ ርሶ ሲቀርብ ጥርሱ ላለቀ ፈረስ ይመቻል፤ ብቻውን ግን ይጎዳል። በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከካልሲየሙ 8 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ለፈረስ የሚስማማው ካልሲየሙ ሲበልጥ ነው። በውጭ አገር በፉርሽካ የተቀለቡ የባለወፍጮዎች ፈረሶች አጥንታቸው ሳስቶ ፊታቸው ያብጥ ስለ ነበር፣ ሕመሙ «የባለወፍጮ በሽታ» እስከ መባል ደርሷል። መፍትሔው ካልሲየም ያለበትን አልፋልፋ ወይም ማገጥ፣ አለዚያም በባለሙያ ልክ የተመጠነ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መጨመር ነው።

የኑግ ፋጉሎ ጡንቻን የሚጠግን ፕሮቲን ይሰጣል። ጨው በላብ የወጣውን ይተካል፤ ንጹሕ ውኃም ከሁሉ ይቀድማል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ማስታወክም ስለማይችል፣ ቀለቡ ተከፋፍሎ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ሸክሙን ማቅለልና ዕረፍት መስጠትም ግድ ነው፤ ያረጀ ፈረስ ያለ ዕረፍት እየሠራ በመኖ ብቻ ጉልበቱን አይመልስምና።

እንግዲህ አስመጪው የሚያመጣው ማሟያ በመንግሥት የተመዘገበ፣ ጊዜው ያላለፈበትና ለፈረስ የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጥ። ባለሱቁም ፉርሽካ ሲሸጥ አብሮ የሚያስፈልገውን ለገዢው ይንገር። ፈረሱ በጤና ከሠራ ባለጋሪው ነገም ደንበኛ ሆኖ ይመለሳል።