በደጋ አገር በሚሠራ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ ስለ መግጠም

በማሻ፣ በመካነ ሰላም አካባቢና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚሠራ አሮጌ ትራክተር ወይም የጭነት መኪና ዳገት ላይ ጥቁር ጢስ ሲተፋ ብዙ ጊዜ ይታያል። ባለንብረቱ «ሞተሩ ደክሟል፤ ናፍጣ ይጨመርለት» ይላል፤ መካኒኩም የፖምፑን ብሎን ያዞርለታል። ከዚያ በኋላ ጢሱ ይበረታል፤ ኃይሉ ግን እምብዛም አይጨምርም። በዚህ ሁኔታ የሠራ ሞተር ውሎ አድሮ ፒስተኑ ይቀልጣል ወይም ቴስታታው ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለው ሞተር የጎደለው ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። አየሩን የሚመልስለትም ቱርቦ ነው፤ በልኩ ከተገጠመ።

አየሩ ምን ያህል ይጎድላል?

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል ወደ 1 ባር የሚሆነው የአየር ግፊት እዚያ ወደ 0.74 ባር ይወርዳል። የሲሊንደሩ ስፋት ያው ነው፤ በአንድ ምት የሚስበው አየር ክብደት ግን በባሕር ወለል ከሚስበው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። በጠቅላላው ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል ብሎ ማስላት የተለመደ ነው። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 80 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ትራክተር በዚህ ደጋ ላይ 60 ያህሉን ይዞ ያርሳል።

የቆየ ፖምፕ ይህን አያውቅም። ናፍጣውን ይሰፍራል እንጂ አየሩን አይመዝንም። ቆላ ላይ የተስተካከለለትን ያህል ደጋም ላይ ይረጫል። አየር ያላገኘው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፤ ዘግይቶ የሚቃጠለው ደግሞ የፒስተኑን አናትና የጢስ ማውጫውን ቫልቭ ያግላል።

ቱርቦ በሚወጣው ጢስ ኃይል የሚሽከረከር ተርባይን ነው፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላ መዘውር ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። ለከፍታ የሚሰጠው ጥቅም ጎልቶ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር 4300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ በፈተነ ጊዜ ነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። (በእኛ አገር አንዳንድ መካኒኮች «ተርቦ» ይሉታል። ደጋ ላይ ሞተሩ አየር ተርቦ ስለሚውል ስሙ አልሳተም።)

ፋብሪካው ራሱ ምን ለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ናዝሬት፣ በዛሬ ስሟ አዳማ፣ በተቋቋመው ፋብሪካ የቤላሩስ ትራክተሮች ይገጣጠሙ ነበር። የትራክተሩ ዲ-240 ሞተር ቱርቦ የሌለው ባለ 80 የፈረስ ጉልበት ነው። የሚንስክ ፋብሪካ ከዚሁ ሞተር ዲ-245 የተባለውን ባለ ቱርቦ ሞተር ሠርቶ ኃይሉን ወደ 100ና ከዚያ በላይ አድርሶታል። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ምት አልተለወጠም። ነገር ግን መሐንዲሶቹ ቱርቦውን አንጠልጥለው ብቻ አልተዉትም፤ የመጭመቂያ ልኩን ከ16 ወደ 15 ገደማ ዝቅ አድርገዋል፤ ፒስተኑም ከሥር ዘይት እየተረጨበት እንዲቀዘቅዝ አድርገዋል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቶ ዲ-240 ላይ ለመግጠም የሚያስብ ሰው እነዚህ ሁለት ነገሮች በእሱ ሞተር ላይ እንደሌሉ ማወቅ አለበት።

እንዲህ ያለውን ሞተር በልኩ ማገዝ ግን ይቻላል። ያጣውን አየር ብቻ ለመመለስ በመለኪያ 0.4 ባር ያህል ይበቃል። በስሌት 0.26 ባር የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅና ስለሚሳሳ ትንሽ መጨመር ግድ ነው።

ከመግጠም በፊት ሞተሩ ይመርመር። በመተንፈሻው ጢስ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው አልቋል፤ ቱርቦ አይገጠምለትም፣ መጀመሪያ ይታደስ። ቱርቦው በደቂቃ ከ100000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል የሚያድነው ዘይት ነው፤ የዘይት መመለሻው ቧንቧ ሰፊና ሳይታጠፍ ወደ ታች የሚወርድ መሆን አለበት። የአየር ፊልትሮው ቀዳዳ ካለው በበጋ የሚገባው የአቧራ ቅንጣት መዘውሩን ይበላዋል።

የውሃውን ነገር ብዙዎች ይዘነጉታል። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው፤ ክዳኑ የላላ ራዲያተርም እንዲሁ በ91 ዲግሪ ይፈላል። ግፊት የሚይዝ ክዳን ቢገጠም ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ይህ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ የሆነ ሥራ ነው።

ቱርቦው እንደተገጠመ ፖምፑ አይነካ። ድሮ በጥላሸት ይወጣ የነበረው ናፍጣ አሁን ስለሚቃጠል ኃይሉ በራሱ ይጨምራል። ከተርባይኑ በፊት የሙቀት መለኪያ ተተክሎ በሙሉ ጭነት ዳገት ላይ ይታይ፤ የዘይት መርጫ ለሌለው ፒስተን 650 ዲግሪን አለማለፍ ይሻላል።

ከፍተኛ ግፊት ለሚሹ

1 ባርና ከዚያ በላይ የሚፈልጉ አሉ። በባሕር ወለል መለኪያው 1 ባር ሲያሳይ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ጨምቋል ማለት ነው። መካነ ሰላም ላይ ግን 0.74 የነበረውን 1.74 ማድረስ ስላለበት 2.35 እጥፍ ይጨምቃል። ስለዚህ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ከአቅሙ ካለፈ ክንፉ ይበተናል። የሚወጣው አየርም ከ130 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ኢንተርኩለር የግድ ነው። ጠንካራ የቴስታታ ብሎንና ጓርኒሲዮን፣ ዝቅተኛ መጭመቂያ ያለው ፒስተን፣ የዘይት ማቀዝቀዣ፣ ቱርቦው አየር እስኪሞላ ናፍጣውን የሚገድብ ዲያፍራም ያለው ፖምፕ፣ ሁሉም ያስፈልጋሉ። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ግን ለድሮው ጉልበት የተሠሩ ናቸው። በእኛ አስተያየት ወደ ዓባይ በረሃ ጭኖ ለሚወርድ መኪና ከዚህ ሁሉ በፊት ገንዘቡ ለፍሬኑ ቢውል ይመረጣል።

ባለ አንድ ሲሊንደር የወፍጮ ሞተር በዚህ አይካተትም። ጢሱ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ቱርቦውን በደንብ አያሽከረክርም። ለእሱ የሚሻለው የፖምፑን ናፍጣ ቀንሶ ጢሱን ማጥራት፣ በሞተሩ በኩል ያለውን የቀበቶ መዘውር በትንሽ መለወጥና እህሉን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ወረፋው ይረዝማል፤ ወፍጮው ግን ሳይቆም ይውላል።

ባለ ቱርቦ ሞተር የያዘ ሾፌር ዳገት ጨርሶ እንደቆመ ቁልፉን አይዝጋ። በባዶው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሥራ፤ አለዚያ ዘይቱ በጋለው ዘንግ ላይ አርሮ ይጋገራል።