ስለ ለንደኑ ቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን መለወጥ

በለንደን ከተማ በኦልድ ስትሪት የሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1733 ዓ.ም. ተፈጽሞ፣ መሠረቱ ስለ ሰመጠ ከጊዜ በኋላ ተዘጋ። ከዚያም ጣራው ተነሥቶ ከ30 ዓመት በላይ ባዶውን ቆመ።

የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ለሙዚቃና ለሕዝብ ትምህርት ሊያድሰው በተነሣ ጊዜ፣ ከጣራው ይልቅ የሚያሳስበው ከወለሉ በታች ያለው ክፍል ነበር፤ በዚያ ሙታን ተቀብረው ነበርና። ዐፅማቸው ወጥቶ በሌላ መካነ መቃብር አረፈ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ዘንድ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስከብረው ታቦቱ ስለሆነ፣ አንባቢ ይህን ድፍረት ቢለው አይፈረድበትም። እኔ ግን ፈርሶ ከመቅረቱ ይህን እመርጣለሁ።

ሕንፃው በ2003 ዓ.ም. ሲከፈት አዲሱን ጣራ የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች ናቸው እንጂ አሮጌው ግድግዳ አይደለም። የሰፈሩም ሰዎች ጋሜላን የሚባለውን የኢንዶኔዥያ የነሐስ መሣሪያ ሳይቀር በኅብረት ተምረውበታል።