አሮጌ ሞተር ሳይክል በመቀሌ ከፍታ

ከመቀሌ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ መንገዱ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደቡብ፣ ወደ ማይጨው ሲሄዱ አምባላጌ ከፊት ይቆማል። ወደ ሰሜን ውቅሮን አልፈው ወደ ሐውዜንና ገርዓልታ ሲታጠፉ አሸዋና ጠጠር ያጋጥማል። በምሥራቅ በኩል ከአጉላዕ ወደ በርሃሌ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው የዳሎል አካባቢ ይወስዳል። በአሮጌ ሞተር ሳይክል እነዚህን መንገዶች መሄድ ይቻላል። ይሁን እንጂ የፋብሪካው መመሪያ ለሁሉም ሀገር በአንድነት የተጻፈ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ባለቤቱ በላዩ ላይ የመቀሌን ሦስት ነገሮች ሊጨምርበት ይገባል፦ ስስ አየር፣ አቧራ እና ረጅም ቁልቁለት።

በሀገራችን ገጠር ግብርናውን፣ ጤናውንና እርዳታውን ሲያገለግሉ ከኖሩት መካከል ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ይገኙበታል። ሁሉም ባለአንድ ሲሊንደር ናቸው፤ ቤንዚኑን የሚያቀርብላቸው ካርቡሬተር ነው፤ በእግር ተረግጠው ይነሣሉ፤ ኮምፒውተር የላቸውም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በ1973 እ.ኤ.አ. በትራያምፍ ታይገር 100 ተነሥቶ ኢትዮጵያን ጭምር በማቋረጥ ዓለምን በአራት ዓመት ሊዞር የቻለው፣ የሚነዳውን ነገር በየመንገዱ ፈትቶ መግጠም ይቻል ስለነበር ነው።

ቆሞ የከረመውን ማስነሣት

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጦርነቱና አብሮት በመጣው መዘጋት ምክንያት ነዳጅ ወደ ትግራይ እንደልብ አልገባም። ብዙ ተሽከርካሪ ታንከሩ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን እንደያዘ ቆሞ ከረመ። በሌላ ምክንያት ወራት የቆመ ሞተር ሳይክልም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል፤ ሽታውም ወደ ቀለም ሽታ ይለወጣል።

እንዲህ ያለውን ሞተር ሳይክል ወዲያው አይርገጡት። መጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን ያንጠፍጥፉና ታንከሩን በባትሪ መብራት አብርተው ዝገት መያዝ አለመያዙን ይዩ። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተው ግማሽ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በቀዳዳው ያንጠባጥቡና መርገጫውን በእጅዎ ቀስ አድርገው ይጫኑት። ፒስተኑ ያለ መንከስ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ካርቡሬተሩን ያውርዱ። ሥሩ ያለውን ሳህን ሲከፍቱ ቤንዚን የሚያልፍባቸው፣ መሐላቸው የተበሱ ትናንሽ የነሐስ ቁራጮች ያገኛሉ። የተደፈኑትን በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፈው በኮምፕሬሰር አየር ይንፏቸው። ሽቦ አይክተቱባቸው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ከዚያ በኋላ የቤንዚኑ ልክ አይገኝም።

በጀሪካን ወይም በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ሲሞሉ ጥቂቱን ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ለደቂቃዎች ያቆዩት። ውሃ ካለበት ከሥር ይለያል።

ስስ አየር

በመቀሌ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካለትን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ውጤቱ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣዋል፣ ነዳጅ ይበላል።

እውነቱን የሚያሳየው ካንዴላው ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አንድ ዳገት በጉልበት ይውጡና ጫፍ ላይ ፍሪሲዮን ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ። ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን አንሶታል፤ ይህ ፒስተን እስከማቅለጥ ሊያደርስ ስለሚችል ከሁሉም የከፋ ነው። በዘይት የራሰ ካንዴላ ባለአራት ምት ሞተር ላይ ከታየ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየሾለከ ነው፤ ይህ የካርቡሬተር ጉዳይ አይደለም።

ጥላሸት ሲያዩ የነሐሱን ቁራጭ ለመቀየር አይቸኩሉ። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮም ያንኑ ጥላሸት ያመጣልና አስቀድሞ እሱን ያጽዱ። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጥላሸቱ ከቀጠለ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ያነሰ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ይገጠማል። የወጣውን ግን አይጣሉት። ወደ ዳሎል ሲወርዱ አየሩ መልሶ ስለሚወፍር፣ ለመቀሌ የተስተካከለው ሞተር በዚያ ሙቀት ላይ ቤንዚን ያንሰዋል። ከመውረድዎ በፊት የመጀመሪያው ቁራጭ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

አቧራ

የመቀሌ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ምድር ነው፤ መሰቦ ስሚንቶ ፋብሪካም እዚያ የቆመው ይህ ድንጋይ ስላለ ነው። ከኖራ ድንጋይ የሚነሣው አቧራ ለስላሳ ነው። የገርዓልታ ተራሮች ግን የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ አሸዋቸው ከሲሊንደር ብረት የሚጠነክር ኳርትዝ አለበት። ያ ብናኝ በተቀደደ ፊልትሮ ወይም በተሰነጠቀ የአየር ማስገቢያ ጎማ በኩል ከገባ ሲሊንደሩንና የፒስተን ቀለበቶችን ይሞርዳል። ብዙ ጊዜ «ሞተሩ አረጀ» የሚባለው ይህ ጉዳት ነው።

የስፖንጅ ፊልትሮ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎም በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ነክቶት በእጅ ይጨመቃል፤ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። በቤንዚን አይጠቡት፤ ስፖንጁን ይጎዳል፣ እሳትም ያስነሣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት፣ ከእያንዳንዱ የጠጠር መንገድ ጉዞ በኋላ ፊልትሮውን ይክፈቱ።

ካቴናም የአቧራ ሰለባ ነው። ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ካቴናው በሽፋን ተዘግቷል። ዲቲ 125 ላይ ግን ክፍት ስለሆነ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይጸዳል፣ ከደረቀ በኋላ በስሱ ዘይት ይቀባል። ሲወጥሩትም በብዙዎቹ የጠጠር መንገድ ሞተር ሳይክሎች ላይ መሐሉ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት አለበት። ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና የጎማውን ኩሽኔታ ይበላል።

ኩሽኔታ ካለቀ የያማሃ ወይም የሆንዳ ስም ያለበትን ፍለጋ አይንከራተቱ። ጠርዙ ላይ የታተመው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው። 6301 የሚል ከሆነ የውስጡ ስፋት 12፣ የውጩ 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማንም ይሥራው ማን ይገጥማል።

ረጅም ቁልቁለት

ከአምባላጌ ሲወርዱ ፍሬን ብቻውን ሥራውን ሁሉ እንዲሸከም መተው አደገኛ ነው። የፍሬን ሸራ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። የወጡበትን ማርሽ ይዘው ይውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ያዘገይዎታል። ከጉዞው በፊት የሸራውን ውፍረት ይለኩ፤ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በረጅም ቁልቁለት ፈልቶ መያዣው በድንገት ባዶ ሊሆን ይችላል።

እንደ ዲቲ 125 ያሉት ባለሁለት ምት ሞተሮች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፒስተናቸውን የሚያለሰልሰው ዘይት ከነዳጁ ጋር አብሮ ስለሚገባ፣ ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳል። በቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ጥቂት ነዳጅ ይስጡት። እንደ ኤክስኤል 125 ባሉት ባለአራት ምቶች ደግሞ አንዱ ዘይት ሞተሩንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ስለዚህ ለመኪና ብቻ የተሠራ ዘይት ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ።

ጎማውንም አይርሱ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይገኛል፤ 2419 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የጥርሱ ጥልቀት ቢተርፍም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የቸርኬውን ራጂዎች ደግሞ በትንሽ መፍቻ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድምፁ ይታፈናል። አንድ የላላ ራጂ ጭነቱን ለጎረቤቶቹ ስለሚያሸክም ገርዓልታ ላይ ሳይሆን ቤት እያሉ ይጥበቅ።

የራስዎና የመካኒኩ ድርሻ

እስካሁን የተነገረው አብዛኛው በራስ እጅ ይሠራል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ እየሠራ በብዙ ሞዴሎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየቱን መለካትም እንዲሁ። ሲሊንደር ማስፋት፣ የፒስተን ቀለበት መቀየር፣ ማርሽ ቤት መክፈት ግን ልምድ ያለው መካኒክ ሥራ ነው። ወደ እሱ ሲሄዱ ያደረጉትን ሁሉ ከቀንና ከኪሎ ሜትር ጋር የጻፉበት ደብተር ይዘው ይሂዱ። ብልሽቱ መቼና ምን ላይ እንደጀመረ የሚያውቅ ባለቤት የመካኒኩን ጊዜና የራሱን ገንዘብ ይቆጥባል።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ ሙሉ ዕቃ ጭነው ወደ ውቅሮ ደርሰው ይመለሱ፤ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲመለሱ ካንዴላውን፣ የዘይቱን መጠን፣ የካቴናውን ውጥረትና ብሎኖቹን ደግመው ይዩ። ምንም ካልተለወጠ ለአምባላጌም ለገርዓልታም ይበቃል። ከተለወጠ ግን ችግሩን ያወቁት መፍቻም መካኒክም በሚገኝበት መንገድ ላይ ነውና፣ ረጅሙን ጉዞ አቆይተው መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።