የለቀማ ገንዘብና የክረምት ዕዳ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ማለትም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ እና በሰቃ ጨቆርሳ፣ የቤተሰብ ዕዳ የሚበዛው ገቢ ስለሚያንስ ብቻ ሳይሆን፣ የዓመቱ ገቢ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ተጠቅልሎ ሲመጣ ወጪው ግን አሥራ ሦስቱንም ወር ስለሚጠይቅ ነው። ቀይ ሆኖ የበሰለው እሸት ቡና በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ተለቅሞ ለማጠቢያ ጣቢያዎች ይሸጣል፤ ከነገለፈቱ የደረቀው ጀንፈል ደግሞ እስከ የካቲትና ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ወደ ገበያ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ፣ በተለይም ክረምቱ፣ ጎተራውም ኪሱም የሚራቆትበት፣ የበቆሎ ዋጋ የሚወደድበት፣ ማብቂያው ላይም የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ከዘመን መለወጫ ጋር ተደራርበው የሚመጡበት ነው። ይህ ችግር የገበሬው ብቻ እንዳይመስል፤ ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊውና የባጃጅ ሾፌሩም የደንበኞቻቸው ገንዘብ ከቡና የሚመጣ በመሆኑ በክረምት አብረው ይደርቃሉ። በመካከለኛው አሜሪካ የቡና አገሮችም ከለቀማ በፊት ያሉት ወራት «ቀጫጭን ወራት» እየተባሉ ይጠራሉ።

በዚህ ምክንያት «በየወሩ ከገቢህ ላይ ይህን ያህል ቀንስና ዕዳህን ክፈል» የሚለው የተለመደ ምክር፣ ለደሞዝተኛ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ለቡና ከተማ ነዋሪ አይበቃም። እዚህ ዕዳን የሚከፍለው የለቀማው ገንዘብ ነው፤ የወጪ ቅነሳው ሥራ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በክረምት አዲስ ዕዳ እንዳይገባ በሩን መዝጋት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ከምግቡ እየቀነሰ ዕዳው ግን ሲያድግ ያያል።

ለመረዳት እንዲቀል የቤተሰብ ዕዳ በአካባቢው የሚይዛቸውን መልኮች አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዱቤ ነው፤ ይኸውም ከሠፈር ሱቅ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ፓስታ እየተወሰደ በባለሱቁ ደብተር የሚመዘገብ ነው። የዱቤ ደብተርን ገልጦ ያየ ሰው የሚያገኘው ስም፣ ቀንና ድምር ነው፤ ብዙ ጊዜ የዕቃው ዓይነትና የነጠላ ዋጋው አይጻፍም። ተበዳሪው ዘይቱን በስንት ብር እንደወሰደው ሳያውቅ ድምሩን ብቻ እየሰማ ይቀጥላል፤ በእጁ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ደንበኛ ዋጋ ይከራከራል፣ ባለዱቤው ግን በይሉኝታ አፉ ስለተያዘ የተባለውን ይቀበላል። ዱቤ ወለድ የለውም የሚባለው እንግዲህ በአፍ ነው፤ ወለዱ በዋጋው ውስጥ አለ። ተበዳሪው የራሱን ደብተር ይዞ ዕቃውንና ዋጋውን ባለሱቁ ፊት መጻፍ ቢጀምር፣ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ወጪው ሊቀንስ ይችላል።

ሁለተኛው ከዘመድና ከወዳጅ የሚወሰድ ብድር ሲሆን፣ ሦስተኛው ከተቋም የሚገኘው ነው። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ አክሲዮን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሲንቄ ባንክነት ከመሸጋገሩ በፊትም ሆነ በኋላ፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማት አባላት እርስ በርስ ዋስ የሚሆኑበትን የቡድን ብድር በገጠር ቀበሌዎች አለማምደዋል። በቅርብ ዓመታት እንደ ቴሌብር መላ ያሉ በስልክ የሚገኙ አነስተኛ ብድሮች ተጨምረዋል፤ እነዚህ ለአጭር ጊዜ የተሰጡ በመሆናቸው ለድንገተኛ ወጪ እንጂ ለክረምት ቀለብ አይሆኑም። ወለድ በሃይማኖቱ ለተከለከለበት፣ በጅማ ዞን ብዙኃኑ ለሆነው ሙስሊም፣ ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ የባንክ መስኮቶችና እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ አማራጭ ሆነዋል።

አራተኛውና ቤት የሚያፈርሰው አራጣ ነው። አራጣ ማለት ሕግ ከሚፈቅደው ወለድ በላይ የሚከፈልበት ብድር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በሰው ችግር ተጠቅሞ አራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል። አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፍም፤ 20,000 ብር ሰጥቶ 30,000 ብር እንዳበደረ አስፈርሞ ያስቀምጣል። በቡና አገር ደግሞ አራጣ ገንዘብ ብቻ አይመስልም። ቡናው ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በነሐሴ በርካሽ ሒሳብ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ወይም አበዳሪው በወለድ ፋንታ የማሳውን ፍሬ እየለቀመ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ይቆያል፤ ይህን የመሰለው ውል ወለድ አግድ ይባላል። በነሐሴና በኅዳር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሦስት ወር ወለድ መሆኑን ብዙ ሻጭ አያስበውም፤ ሒሳቡ ቢሠራ ግን ብዙ ጊዜ የትኛውም ባንክ የማይጠይቀው ወለድ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የአጋሮ ቤተሰብ 150,000 ብር ዕዳ አለበት ይባል፤ ከዚህ ውስጥ 40,000 ብሩ በወር ከመቶ 10 የሚታሰብበት አራጣ፣ 60,000 ብሩ በዓመት ከመቶ 18 ወለድ ያለው የተቋም ብድር፣ 15,000 ብሩ ዱቤ፣ ቀሪው 35,000 ብር ከአማች የተወሰደ ነው። የአራጣው ወለድ በወር 4,000 ብር፣ የተቋሙ ደግሞ 900 ብር ገደማ ይሆናል። ቤተሰቡ ሥጋውን ትቶ፣ ዘይቱን አሳንሶ፣ የባጃጁን መንገድ በእግር እየሄደ በወር 2,500 ብር ቢቀንስ በዓመት 30,000 ብር ያተርፋል፤ አራጣው ግን በዚያው ዓመት በወለድ ብቻ 48,000 ብር ይጠይቃል። ወለዱ ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድማ 40,000 ብሩ በ12ኛው ወር ከ125,000 ብር ይበልጣል። በአንጻሩ ከለቀማው ገንዘብ 40,000 ብር ተነሥቶ አራጣው በአንድ ጊዜ ቢዘጋ፣ ማንም እራቱን ሳይተው በወር 4,000 ብር ይተርፋል።

ሆኖም በኅዳር የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው። የቡናው ገንዘብ እንደገባ ለባለሱቁም ትንሽ፣ ለአማቹም ትንሽ፣ ለአራጣ አበዳሪውም የወለዱን ያህል ተሰጥቶ ሁሉም «ታግሠህ ቆየኝ» ይባላል። ከአበዳሪዎቹ ሁሉ በዚህ የሚደሰተው ባለ አራጣው ነው፤ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ወለዱ እየመጣለት ነውና። ገንዘብ አስተዳደርን የሚያስተምሩ ሰዎች በሁለት መንገድ ይከፈላሉ፤ ከፊሉ አነስተኛው ዕዳ ቀድሞ ተከፍሎ ቤተሰቡ የድል ስሜት ያግኝ ይላል፣ ከፊሉ ደግሞ ወለዱ ከፍ ያለው ይቅደም ይላል። አራጣ በወር ከመቶ 10 በሚበላበት አገር የመጀመሪያው መንገድ የቅንጦት ነው። ዘመድን ላለማሳፈር ተብሎ ከአራጣ ተበድሮ ለዘመድ መክፈል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከዚያ ይልቅ ከለቀማው በፊት ሽማግሌ ይዞ ወደ አማቹ ሄዶ የመክፈያውን ወር ቆርጦ መንገር ክብርንም ገንዘብንም ያድናል።

ወጪ መቀነስ የሚለውን ሐሳብም ከማዕድ ማጉደል ነጥሎ ማየት ይገባል፤ ትልቁ ቁጠባ ያለው ጥቂት በመብላት ሳይሆን በወቅቱ በመግዛት ነው። በቆሎ በአዝመራው ወራት ርካሽ፣ በሐምሌና በነሐሴ ውድ ነው፤ የቡናው ገንዘብና ርካሹ እህልም በአንድ ወቅት ይገናኛሉ። በታኅሣሥ፣ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን ዝናው ከሩቅ ይሰማ በነበረው የሕርማታ የሐሙስ ገበያ ወይም በአቅራቢያው ባለ ሌላ ገበያ የክረምቱን ቀለብ ገዝቶ፣ በደንብ አድርቆና ነቀዝ እንዳያገኘው አየር በማያስገባ ከረጢት ቋጥሮ ያስቀመጠ ቤተሰብ፣ በነሐሴ ዱቤ ደብተር ላይ ስሙ አይወፍርም። ጤፉን ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ደባልቆ መጋገርም የአካባቢው ሴቶች ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ማንም ሊያስተምራቸው አይገባም።

ጀንፈሉም እንደ ቁጠባ ሊያገለግል ይችላል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ወይም ከሁለት ኪሎ ገደማ ጀንፈል ስለሆነ፣ ጀንፈል ቦታ ሳይፈጅ ዋጋ ይይዛል፤ በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካላገኘው ለወራት ይቆያል። እሸቱን ሸጦ ውዱን ዕዳ መዝጋት፣ የተወሰነውን ቡና ደግሞ አድርቆ ለመስከረም ምዝገባ ማቆየት፣ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ ከማስቀመጥ ይሻላል፤ ጥሬ ገንዘብ ጠያቂ ይበዛበታል፣ ጆንያ ቡናን ግን ለመሸጥ ቢያንስ አንድ ቀን ማሰብ ያስፈልጋል። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ ከእሸቱ ዋጋ በተጨማሪ፣ ቡናው ተሽጦ ትርፍ ሲገኝ የሚከፋፈል ሁለተኛ ክፍያ አለው፤ ይህ ክፍያ መምጫውም መጠኑም ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በእርሱ ተማምኖ መበደር አይገባም።

ከሚቀነሱት ወጪዎች ፊታውራሪው ድግስ ነው። ከለቀማ በኋላ ያለው ወቅት የሰርግ ወቅት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ በእጅ ገንዘብ ያለው ያኔ ነውና። ነገር ግን በአንድ ሰርግ ድንኳን ሥር የሚያልቀው ገንዘብ የሁለት ክረምት ቀለብ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ ሙሽሮቹ ሳይሆኑ የሠፈር ወሬ ይወስነዋል። ጫት አወዛጋቢ ነው፤ በጅማ ዙሪያ ለሚያመርተው ቤተሰብ ቡና ሲረክስ የሚታደግ የዕለት ገቢ ሲሆን፣ ለሚገዛው ግን በየከሰዓቱ የሚወጣ፣ በማንም ደብተር የማይመዘገብ ወጪ ነው። የጓሮውን ቡና እየቆላ ጎረቤት የሚጠራን ቤተሰብ ቡናውን ይተው ማለት ግን የማያውቁት ሰዎች ምክር ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው ቡናው ሳይሆን ስኳሩ፣ ከሰሉና ቁርሱ ነው፣ እነርሱን ማሳነስ ይቻላል። ክረምት ሲመጣ የሚያበድረውም ያው እስከ በረካው ድረስ የሚቀመጠው ጎረቤት ነው።

እድርም አይነካ። እድር ለሐዘን ጊዜ ተረዳድቶ ለመቅበርና ለማስተዛዘን የሚመሠረት ማኅበር ስለሆነ፣ ወርኃዊ መዋጮው የመድን ክፍያ ነው፤ አንድ ለቅሶ ያለ እድር ቢገጥም ቤተሰቡን ለአዲስ ብድር ይዳርጋል። እቁብ ግን በሁለት መልኩ ይታያል። እጣው በመጀመሪያ የወጣለት እቁብተኛ ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ቆጠበ ማለት ነው፣ ያውም ዋጋ በሚንርበት ዘመን ብሩ እየሟሸሸበት። አራጣ ያለበት ሰው እንግዲህ እቁቡን ከማቋረጥ ይልቅ ዳኛውን አስፈቅዶ ቀዳሚ እጣ ቢያገኝ ወይም እጣው ከደረሰው ሰው በስምምነት ቢገዛ፣ የወር ወለዱን ወደ የወር መዋጮ ለወጠው ማለት ነው።

የቡና ዋጋ ያድነናል ብሎ መጠበቅ ግን ተደጋግሞ ያሳሳተ ነገር ነው። በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ አረቢካ ቡና እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ በ2011 ወደ 3 ዶላር ደርሶ፣ በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር አልፏል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በእነዚህ ዓመታት በብር የተቆረጠ የቆየ ዕዳ የነበረበት የቡና ባለቤት ሳይደክም ቀለለለት፤ በተወደደ ዋጋ እሸት ለመሰብሰብ የተበደረው አቅራቢ ግን ዋጋው ትንሽ ቢያፈገፍግ የሚወድቀው እርሱ ነው። ጥሩ ዋጋ የተገኘበት ዓመት ቤት የሚታደስበት ወይም ሞተር የሚገዛበት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ አራጣ የሚዘጋበት ዓመት መሆን አለበት።

የሚዘጋውም በወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ በተበዳሪው እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በሌላ ማስረጃ እንዳይረጋገጥ ያዛል፤ መመለሱንም ለማስረዳት የሚጠይቀው ማስረጃ ተመሳሳይ ነው፣ ምስክር መቁጠር አይበቃም። ስለዚህ በዚህ ኅዳር ዕዳውን የሚከፍል ሰው፣ አበዳሪው ነጋዴም ይሁን አማች፣ የፈረመበትን ሰነድ ሳይረከብና የከፈለው መጠን የተጻፈበት ፊርማ ሳይዝ ከአበዳሪው ቤት አይውጣ።