ማሽኑን «ተጠየቅ» ማለት

አንዲት ሴት «ድካም ድካም ይለኛል» ብላ ወገራ ውስጥ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሕክምና መጣች እንበል። ሄሞግሎቢኗ ተለክቶ 13 ሆነ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጫነበት ኮምፒውተር ቁጥሩን ተቀብሎ «ደም ማነስ» አለ። በአባቶቻችን ችሎት «ተጠየቅ!» የተባለ ሰው ምክንያቱን ሳያስረዳ አይቀመጥም ነበር፤ ይህን ኮምፒውተር ማን ይጠይቀው? ውሳኔውን ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ማሽን ለመሥራት የሚደክሙ ሳይንቲስቶች አሉ።

አሜሪካዊው ሪች ካሩዋና አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገና ተማሪ ሳለ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው ሰዎች ለሞት የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ የሚተነብይ፣ ከመረጃ የሚማር ግን ውስጡ በግልጽ የማይነበብ ኒውራል ኔትወርክ አሠለጠነ። ከተሞከሩት ሁሉ የበለጠ ልክ የሚናገረው የእሱ ነበር። በዚያው መረጃ የሠለጠነ፣ ደንቡ በግልጽ የሚነበብ ሌላ ሞዴል ግን አስም ያለበት ታማሚ የመሞት ዕድሉ ያነሰ ነው አለ። ሐኪሞቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፦ አስም ያለበት ሰው ሳንባ ምች ሲይዘው በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል፤ የሚተርፈውም በዚያ ክትትል ነው። ማሽኑ መትረፉን እንጂ ያተረፈውን ሕክምና አላየም። ቢታመን ኖሮ አስም ያለበትን ሰው ወደ ቤቱ ያሰናብት ነበር። ካሩዋና በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ሌላ ምን እንደተደበቀ ማየት ስላልቻለ በታማሚ ላይ እንዳይሠራበት መከረ። የራስን ምርጥ ሥራ እንዲህ ማስቀረት በእኔ ዓይን ትልቅ ሰውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሞዴል እያንዳንዱ ምልክት አደጋውን ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ በሥዕል ያሳያል፤ ሐኪሙም ስሕተቱን አይቶ ያርመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ሻፕ የተባለ ዘዴ ደግሞ የወገራ ገበሬ ሳይቸገር ይረዳዋል። አንዱ በሬ፣ አንዱ ዘር፣ አንዱ ጉልበት አዋጥተው ያመረቱትን ገብስ እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ፤ ሻፕም ለማሽኑ ውሳኔ ዕድሜ ይህን ያህል፣ የደም ልኬት ይህን ያህል አዋጣ ብሎ ያከፋፍላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በተመሠረተው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችም በአገር አቀፍ የጤና ጥናት መረጃ ላይ ሲሠሩ ይጠቀሙበታል። ሆኖም ሻፕ የሚነግረን ማሽኑ በምን እንደተመራ እንጂ በሽታው ከምን እንደመጣ አይደለም።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። አምባ ጊዮርጊስ 3,000 ሜትር ሊሞላት ጥቂት የቀራት ደጋ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ከፍታ ደምን ያወፍራል በሚል፣ ከደጋ ሰው ልኬት ላይ እንዲቀነስ ያዛል፤ የእሷ 13 ሲቀነስ የደም ማነስ ወሰን ከሆነው ከ12 በታች ይወርዳል። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ሲንቲያ ቢል፣ አምሃ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ሆኖ አገኙት። በአንዲስ ተራሮች 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ወንዶች ግን ወደ 19 ይደርሳሉ። የእኛ ደገኛ ደም በዚያ መንገድ አልወፈረም፤ ስለዚህ ቅናሹ ለሴትዮዋ ልክ ላይሆን ይችላል።

ማሽኑ ዝም ካለ ይህ ሁሉ አይታይም። «ከፍታውን አይቼ ቀነስኩ» የሚል መስመር ካሳየ ግን፣ ነርሷ የአይረን ኪኒን ሰጥታ ከመሸኘቷ በፊት ድካሙ መቼ እንደጀመራት፣ ሌላስ ምን እንደሚሰማት ትጠይቃታለች።