ተዋዱዕ የሚፈተነው መቼ ነው?

ስለ ተዋዱዕ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገርና ቀለል ያለ ልብስ የሚለብስ ሰው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኪብር ባስጠነቀቁ ጊዜም አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት መውደዱ ኪብር ይሆንበት እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ፣ አላህ ውበትን እንደሚወድ ነግረው ኪብር ግን ሐቅን መግፋትና ሰዎችን መናቅ መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ ኪብር የሌለበትን ሰው የምናውቀው ሐቅ ሲነገረው በሚያደርገው ነው።

ይህ ስምና ማዕረግ ባለው ሰው ላይ ይከብዳል። ተራ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው አያጣም። ባለ ዝናው ግን የሚከቡት ብዙውን ጊዜ አድናቂዎቹ ናቸው፤ እውነቱን የሚሰማውም ከባላጋራው ወይም ከበታቹ ነው።

ሱሀይል ኢብን ዐምርን እንመልከት። የቁረይሽ ታላቅና አንደበተ ርቱዕ ነበር። በበድር ዘመቻ ከሙሽሪኮች ጋር ተሰልፎ ተማረከ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ቁረይሾችን ወክሎ ለሁደይቢያ ስምምነት ሲቀመጥ ደግሞ በሰነዱ ላይ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው መጠሪያ እንዳይጻፍ ተከራከረ። ዐሊ (ረ.ዐ) ቃሉን ለመሰረዝ እጁ አልታዘዝ አለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሰረዙት፤ በስማቸውና በአባታቸው ስም ብቻም ተጻፈ። መጠሪያው እውነት ነበር፤ ሰላሙ ግን በእርሱ ምክንያት እንዲቀር አልፈለጉም። (እኛ ዘንድ «ኡስታዝ» ወይም «ዶክተር» የሚለው ከማስታወቂያው ላይ ቀረ ተብሎ ስንት ቅሬታ ይነሣል!)

ሱሀይል መካ ከተከፈተች በኋላ ሰለመ። ዓመታት አለፉ። በዑመር (ረ.ዐ) ኺላፋ ዘመን እርሱ፣ አቡ ሱፍያንና ሌሎች የቁረይሽ ታላላቆች ኸሊፋውን ለማግኘት መጥተው ደጅ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ግን ሱሀይብ፣ የሐበሻ ዘር የሆነው ቢላልና ሌሎች የበድር ሰዎች ነበሩ። ትናንት በመካ በባርነት የተሰቃዩት ገቡ፤ ጌቶች የነበሩት ቀሩ። ዑመር ማንንም ለማዋረድ አልነበረም፤ ያስቀደመው በኢስላም የቀደሙትን ነው።

አቡ ሱፍያን ነገሩ ከበደውና እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም አለ። እንደ ዘገባው ሱሀይል በፊታቸው ላይ ያለውን ቁጣ አስተውሎ፣ መቆጣት ካለባችሁ ራሳችሁን ተቆጡ አላቸው። እነዚያም እነርሱም እኩል ተጠርተው ነበር፤ እነዚያ ፈጥነው ሲመጡ እነርሱ ዘገዩ።

ሰው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ፣ ትናንት የናቃቸው ቀድመውት ሲገቡ እያየ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። በሠርግና በኢፍጣር ግብዣዎቻችን ከፊት ወንበር ወደ ኋላ እንዲቀመጥ የተጠየቀ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያየ ያውቀዋል። ሱሀይል ያልተከፋ አይመስለኝም። ልዩነቱ ቂሙን ዑመር ላይም ቢላል ላይም አለማሳረፉ ነው።

ጓደኞቹንም ያመለጣቸውን በጂሃድ እንዲክሱ መክሮ ተነሣ። ወደ ሻም ዘመተ፤ ወደ መካ ሳይመለስም እዚያው ሞተ።